ገጣባው ጋላቢው ሲሆን

የጋማ ከብት ባለበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። አያቴ ከገበያ ሲመለሱ እግራቸውን ከመታጠባቸው በፊት የበቅሏቸውን መጫኛ ይፈታሉ። ጭነቱ ይወርዳል፣ ድብዳቡ ይነሳል፣ ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ቀስ አድርገው ይዳብሷታል። ጠጉሩ የተንጨባረረ፣ ቆዳው ከሌላው ይልቅ የሚያተኩስ ወይም ሲነኳት የምትሸሽበት ቦታ ካገኙ በማግስቱ በቅሎዋ አትጫንም። ድብዳቡም ተፈትቶ የጓጎለው ጭድ ይበተናል፣ ይስተካከላል። «ትለምደዋለች» ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። የተላጠ ጀርባ ጭነት አይለምድም፤ ይገጠባል።

ብስክሌት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ብረቱ አይገጠብም፤ የሚገጠበው ላዩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ለበቅሎ የማንነፍገውን ጥንቃቄ ግን ለራሳችን ስንነፍግ አያለሁ። ብሽሽቱ የተላጠ ወጣት አፍሮ ዝም ይላል፤ ደፍሮ ቢናገርም መልሱ «ይለመዳል» የሚል ነው። በዚህ መልስ ምክንያት ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የተወ ሰው አውቃለሁ። ነገሩ ግን መድኃኒት ሳያስፈልገው፣ በአንድ ቁልፍና በአንድ ቁምጣ ሊቀር የሚችል ነው።

የራሴን ልናገር። ከዓመታት በፊት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከባሕር ዳር ተነስተን ወደ ወረታ ሄድን፤ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ነው። የለበስኩት ጂንስ ሱሪ ነበር። ከተማ ውስጥ በዚያው ሱሪ ለዓመታት ነድቼ ምንም ሆኜ ስለማላውቅ አላሰብኩበትም። ሐሙሲት ስንደርስ ግራ ጭኔ ሥር እንደ በርበሬ የሚያቃጥል ነገር ጀመረኝ። ወርጄ ከማየት ይልቅ ወደ ቀኝ አጋድዬ መቀመጥ ጀመርኩ። ወረታ ስንገባ ሁለቱም ጎኔ ተልጦ ነበር። ብስክሌቶቹን አውቶቡስ ላይ ጭነን ተመለስን። በሦስተኛው ቀን የተላጠው ቦታ አጠገብ ሽንብራ የሚያህል ብጉንጅ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ቀን ወንበር ላይ የምቀመጠው በአንድ ጎኔ ብቻ ነበር።

ሲሻለኝ ያንን ሱሪ ገልብጬ አየሁት። ጂንስ ሱሪ ላይ አራት ስፌቶች አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ከፊት የሚወርደው፣ ከኋላ የሚመጣው፣ ከሁለቱ እግሮች የውስጥ ጎን የሚወጡት። መገናኛቸው ላይ ጨርቁ ተደራርቦ እንደ ገመድ ቋጠሮ ይጠጥራል። ያ ቋጠሮ የሚያርፈው ልክ ሥጋና ኮርቻ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። በደቂቃ 80 ጊዜ ፔዳል የሚያዞር ሰው በአንድ ሰዓት እያንዳንዱን ጭኑን 4,800 ጊዜ ያመላልሳል፤ ሦስት ሰዓት ከሄደ ከ14 ሺህ ያልፋል። ሥራ ደርሰው ለሚወርዱበት አሥር ደቂቃ ያ ቋጠሮ ምንም አይደለም። ለሦስት ሰዓት ግን ሞረድ ነው።

ቁስሉን የሚያመጡት ነገሮች ክብደት፣ ፍትጊያና ላብ ናቸው። ስንቆም ክብደታችንን የሚሸከመው ለዚያ ሥራ የተፈጠረው የውስጥ እግራችን ነው። ኮርቻ ላይ ግን አብዛኛው ክብደት አንድ መዳፍ በማትሞላ ቦታ ላይ ያርፋል፣ በዚያ ቦታም ደም እንደልቡ አይዘዋወርም። ላቡን ደግሞ እንዲህ ይሞክሩት፦ ደረቅ መዳፍዎን ጠረጴዛ ላይ ቢገፉት ይንሸራተታል፤ በላብ የወረዛው መዳፍ ግን ይዞ ይጎትታል። ጭንም እንደዚሁ ነው። በዚያ ላይ ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ እጅ፣ ላብ ውስጥ የቆየ ቆዳ ይልማል፣ በቀላሉም ይላጣል። ቆዳው አንዴ ከተላጠ ወይም የጠጉሩ ሥር ከተቆጣ፣ ድሮውንም ቆዳችን ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ወደ ውስጥ መግቢያ አገኙ ማለት ነው። ብጉንጁ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።

እዚህ ላይ «ይለመዳል» የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ መናገር ተገቢ ነው፤ ከባዶ አልተነሳም። ብስክሌት አዲስ የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት የመቀመጫ አጥንቱን ያመዋል። ይህ የድካም ሕመም ነው፤ ቀስ በቀስ ሲነዱ በእርግጥ ይለመዳል። ማቃጠል፣ መላጥና ማበጥ ግን ሌላ ነገር ናቸው፤ በእነሱ ላይ መንዳት ቁስሉን ማስፋት ነው። ሦስተኛው ደግሞ መደንዘዝ ነው። በሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች መሃል ለብልት ስሜትና ደም የሚያደርሱ ነርቮችና የደም ሥሮች ያልፋሉ፤ የኮርቻው አፍንጫ እነሱን ሲጫን ቦታው ይደነዝዛል። የደነዘዘበት ሰው ያኔውኑ ከኮርቻው መነሳት አለበት። በተደጋጋሚ የሚመለስ ከሆነ ኮርቻው መስተካከል ወይም መቀየር አለበት፤ ከወረዱ በኋላም ቶሎ የማይለቅ ከሆነ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

ጀግንነት ቁስሉን የሚከለክል ቢሆን ኖሮ ትልልቆቹ ባልቆሰሉ ነበር። አየርላንዳዊው ሾን ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1987 የስፔንን ዙር እየመራ፣ ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በኮርቻ ቁስል ምክንያት ከብስክሌቱ ወረደ፤ ዋንጫውን የኮሎምቢያው ሉዊስ ሄሬራ ወሰደው። ኬሊ በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ አሸነፈ። ፈረንሳዊው ሎረን ፊኞን እ.ኤ.አ. በ1989 ቱር ደ ፍራንስ የመጨረሻውን ቀን የጀመረው ግሬግ ሌመንድን በ50 ሰከንድ እየመራ፣ ነገር ግን በኮርቻ ቁስል ሕመም ውስጥ ሆኖ ነበር። ከቬርሳይ እስከ ፓሪስ በተደረገው የ24.5 ኪሎ ሜትር የግል ሰዓት ውድድር መሪነቱን አጣና፣ ከሦስት ሳምንት ጉዞ በኋላ በ8 ሰከንድ ተሸነፈ። ሌመንድ ያሸነፈው በሌላም በሌላም ምክንያት ነው፤ ግን ያን ቀን ፊኞን መቀመጥ ያቃተው ሰው ነበር። እነዚህ ሰዎች ኮርቻን ያልለመዱ አልነበሩም።

እንግዲህ ከኮርቻው እንጀምር፤ አብዛኛው ችግር እዚያ ነው፣ መፍትሔውም ርካሽ ነው።

ብዙ ሰው ኮርቻ ሲገዛ በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፤ ከሰመጠለት ደስ ብሎት ይገዛል። የስፖንጅ ልባስ እላዩ ላይ የሚያስሩም አሉ። ለአጭር መንገድ ደህና ነው። ረጅም መንገድ ላይ ግን አጥንቶቹ ስፖንጁ ውስጥ ይሰምጡና በመሃላቸው ያለው ለስላሳ ሥጋ ክብደቱን ይሸከማል፤ ልባሱም ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ ይፈትጋል። ከዝናብ ለመከላከል ኮርቻ ላይ የሚታሰር ፌስታልም ላቡን እዚያው ያስቀረዋል፤ ሲነዱ ይፍቱት። ጥሩ ኮርቻ ማለት ጠንከር ብሎ ሁለቱን የመቀመጫ አጥንቶች ብቻ የሚሸከም ነው። ስለዚህ ከልስላሴው ይልቅ ስፋቱ ይቀድማል።

ስፋቱን ቤት ውስጥ መለካት ይቻላል። የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ያግኙ፣ ሸንተረር ያለው ዓይነት። ደረጃ ወይም የድንጋይ መደብ ላይ አንጥፈው በስስ ልብስ ይቀመጡበት፤ ትንሽ ወደፊት ጎንበስ ብለው ተረከዝዎን ከፍ ያድርጉ፣ አንድ ደቂቃ ይቆዩ። ሲነሱ ሁለት ጎድጓዳ ምልክቶች ያገኛሉ፤ በጣት ሲዳብሱት ይበልጥ ይታወቃል። ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል ይለኩ። በአብዛኛው ሰው ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ የሴቶች በአማካይ ሰፋ ይላል። የኮርቻው የኋላ ክፍል ከዚህ ልክ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር መብለጥ አለበት። ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ ሰው፣ ለምሳሌ በፎኒክስ ዓይነት ብስክሌት ገበያ የሚሄድ፣ ሰፊ ኮርቻ ይስማማዋል። ጎንበስ ብሎ የሚፈጥን ሰው ጠበብ ያለ ይሻለዋል፤ አለበለዚያ የኮርቻው ጠርዝ ጭኑን ይፈትጋል።

ቀጥሎ ከፍታው። ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ፔዳሉን ወደ ታች ጫፍ ያውርዱና ተረከዝዎን ያሳርፉበት፤ ጉልበትዎ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ እንደተለመደው በእግርዎ ፊተኛ ክፍል ሲረግጡ ጉልበትዎ ትንሽ ይታጠፋል፤ ልኩ እሱ ነው። ከዚህ ከፍ ካለ በየዙሩ ፔዳሉ ላይ ለመድረስ ወገብ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ ውዝዋዜው ደግሞ ራሱ ፍትጊያ ነው። ይህን ነጂው አያውቀውም፤ ከኋላው የሚነዳ ጓደኛው ግን ያየዋል። ዝቅ ካለም ደህና አይደለም፤ እግር ሊሸከመው የሚገባው ክብደት ሁሉ መቀመጫ ላይ ይወድቃል፣ ጉልበትም ይታመማል።

ዘንበል ማለቱ ደግሞ ብዙ ሰው የማይነካው ነገር ነው። ኮርቻው ላይ እንደ ግንበኛ ውሃ ልክ ያስቀምጡ፤ ከሌለ ስልክ ላይ ያለው ይበቃል። አግድም ልክ ሆኖ ቢቆም ወይም አፍንጫው ሁለት ዲግሪ ያህል ዝቅ ቢል ጥሩ ነው። ወደ ላይ ያቀና አፍንጫ በመቀመጫ አጥንቶቹ መሃል ያሉትን ነርቮች ይጫናል፤ በጣም ያዘነበለ ደግሞ ወደፊት እያንሸራተተ እጅንና ብሽሽትን ያደክማል። ኮርቻው ሥር ያለውን ዳዶ በቁልፍ አላልቶ፣ አስተካክሎ መልሶ ማጥበቅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የብስክሌት ጠጋኝ ጋ ቢወስዱትም የሚያስከፍልዎ ትንሽ ነው።

ለልጅ «ያድግበታል» ብሎ ትልቅ ብስክሌት መግዛት ግን በኮርቻ ማስተካከል አይካስም። መሪው ስለሚርቀው የኮርቻው አፍንጫ ላይ ተስቦ ይቀመጣል። በማይመጥነው ብስክሌት የተላጠ ልጅ ለዕድሜ ልኩ ከስፖርቱ ሲርቅ ማየት ያሳዝናል።

አሁን ወደ ልብሱ። የብስክሌት ቁምጣ በውስጡ ድብዳብ አለው፤ ከበቅሎ ድብዳብ የሚለየው ጋላቢው ላይ መሰፋቱ ብቻ ነው። ድሮ ከቆዳ ይሠራ ነበርና ሲደርቅ እንዳይሻክር ነጂዎቹ ቅባት ይቀቡት ነበር፤ ዛሬ ላብን ከሚያሳልፍ ሰው ሠራሽ ጨርቅና ከስስ ስፖንጅ ይሠራል። የመጀመሪያው ሕግ፣ ብዙዎችም የማይቀበሉት፣ ከሥሩ ሙታንታ አይለበስም። ድብዳቡ ስፌት አልባ ሆኖ ቆዳ ላይ እንዲለጠፍ የተሠራ ነው። ከሥሩ የጥጥ ሙታንታ ካለ ላቡን ይይዛል፣ ይሸበሸባል፣ ጠርዙም ብሽሽትን ይቆርጣል። ወፍራም ድብዳብም የግድ የተሻለ አይደለም፤ የሚጨማደድ ከሆነ ይጎዳል። ቁምጣው ሰውነት ላይ ልክክ ማለት አለበት።

ልክክ ያለ ልብስ ለብሶ መንገድ ላይ መታየት ለብዙዎቻችን ይከብዳል፣ ለሴቶች ደግሞ ይበልጥ። ይህን ማቃለል አያስፈልግም። ቁምጣውን ከውስጥ ለብሶ ከላዩ ስስና ሰፊ ሱሪ ወይም ቀሚስ መደረብ ይቻላል፤ ሥራውን የሚሠራው ቆዳ ላይ ያለው ነው። ቁምጣው ካልተገኘ ወይም ካልተቻለ ስፌቱ ጠፍጣፋ የሆነ የስፖርት ታይት ከሥር፣ ቀላል ሱሪ ከላይ ያድርጉ። ጂንስ ለረጅም መንገድ አይሆንም። ከመንገድ በፊት ባለው ማታ የሚለብሱትን ገልብጠው በጣትዎ ስፌቱን ይሂዱበት፤ ጣት የያዘው ነገር ሁሉ ነገ ጭንን ይይዛል።

ቅባትን በተመለከተ ቫዝሊን ይሠራል። ከመነሳትዎ በፊት ጭንና ጭን፣ ብሽሽትና ልብስ በሚገናኙበት ቦታ ስስ አድርገው ይቀቡት። ጉዳቱ ልብስ ላይ መቅረቱና በውሃ ብቻ አለመልቀቁ ነው፤ ስለዚህ በሳሙና ይታጠቡ። ለሕፃናት መቀመጫ የሚሸጠው ዚንክ ያለበት ቅባትም ጥሩ ነው፣ በተለይ ቆዳው መቅላት ሲጀምር። ዱቄት አልመክርም፤ ከላብ ጋር ተቦክቶ ይጓጉላል። ቅቤም እንዲሁ፤ ይሸታል፣ የተላጠ ቆዳ ላይም የሚቀባ ነገር አይደለም። የብሽሽትን ጠጉር በምላጭ መላጨት ደግሞ ንጽሕና ቢመስልም ጠጉሩ ሲበቅል ወደ ውስጥ እየገባ የብጉር ምንጭ ይሆናል። በመቀስ ማሳጠር ይበቃል።

መንገድ ላይ በየአሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃው ፔዳሉ ላይ ቆመው ለጥቂት ሰከንድ ይንዱ፤ ደሙ ይመለሳል፣ ቦታው አየር ያገኛል። ኮብልስቶን ላይና ቁልቁለት ላይ መቆም ይልመዱ፤ ንዝረቱን ጉልበት ይሸከመው። ምግብና ዕቃ በብስክሌት የሚያደርሱ ልጆች፣ አዲስ አበባም ሆነ አውሮፓ ከተሞች ውስጥ ያሉት፣ ከሁሉም በላይ ይጎዳሉ፤ ቀኑን ሙሉ ይነዳሉ፣ ጀርባቸው ላይ የተሸከሙት ትልቅ ቦርሳ ክብደቱ በመጨረሻ የሚያርፈው መቀመጫቸው ላይ ነው። ቦርሳውን ከኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ ላይ ማሰር ከማንኛውም ቅባት ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። እኩለ ቀን ላይ የሚቀይሩት ሁለተኛ ቁምጣ ቢይዙ ደግሞ ከሰዓቱን በደረቅ ቆዳ ይጀምራሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከወረደ በኋላ ነው። ጓደኛሞች ነድተው ይመጡና በላብ በራሰ ቁምጣ ማኪያቶ አዝዘው አንድ ሰዓት ይጫወታሉ። ሞቃትና እርጥብ ጨርቅ ለባክቴሪያና ለፈንገስ የሚመች ቤት ነው። ቶሎ ማውለቅ፣ ለስላሳ ሳሙና ባለው ውሃ መታጠብ፣ ሳይፈትጉ ማድረቅ፣ ሰፊ የጥጥ ልብስ መልበስ ነው የሚያስፈልገው። ለሴቶች ይህ የሽንት ቧንቧንና የብልትን አካባቢ ከኢንፌክሽን ለመጠበቅም ይጠቅማል፤ ሽቶ ያለበት ሳሙና ግን ራሱ ቆዳን ያስቆጣል። በወር አበባ ጊዜ የሞዴስ ጠርዝና ማጣበቂያ ጭንን ይልጣል፤ በዚያ ቀን ጠርዙ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቅባት ማድረግና መንገዱን ማሳጠር ይሻላል። ቁምጣው በለበሱት ቁጥር ይታጠብ፣ ተገልብጦም ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ትናንት የለበሱትን ዛሬ መድገም አይገባም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ከተላጠ ደግሞ፣ አንድና ሁለት ቀን ያቁሙ። ይጠቡት፣ ያድርቁት፣ ቫዝሊን ወይም የዚንክ ቅባት ስስ አድርገው ይቀቡት፤ አልኮልና ሎሚ አያስፈልግም፤ ቁስሉን ያናድዱታል እንጂ አያድኑትም። ብጉንጅ ከሆነ ንጹሕ ጨርቅ በሚቻል ሙቅ ውሃ ነክረው፣ ጨምቀው፣ ለአሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ያድርጉበት፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ማፍረጥ የለብዎትም። ሲጨመቅ መግሉ ወደ ውጭ ብቻ አይሄድም፤ ወደ ውስጥም ይገፋል። የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ፈትቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ በየሰፈሩ አለ፤ ቁስልን አያድንም፣ መድኃኒቱንም ለሌላ ቀን ያደክመዋል። ማሳከኩን የሚያስታግስ ስቴሮይድ ያለበት ክሬምም ያለ ሐኪም ትእዛዝ እዚያ ቦታ አይቀባ፤ ቆዳን ያሳሳል።

ትኩሳት ካለ፣ ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ እብጠቱ እያደገ ሕመሙ ከበረታ፣ ወይም ሳምንት አልፎት ካልቀነሰ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሳምንት አይጠብቅ፤ በመጀመሪያው ቀን ይታይ። ቦታው የሚያሳፍር መሆኑን ሐኪሙ ያውቃል፣ በየቀኑም ያያል። አንዳንዱ ብጉንጅ በሐኪም እጅ ተከፍቶ ካልፈሰሰ አይድንም። ፈረንሳዊው ሉዊዞን ቦቤ እ.ኤ.አ. በ1955 ሦስተኛ ቱር ደ ፍራንሱን ያሸነፈው በእንዲህ ያለ ቁስል ላይ ተቀምጦ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምና አስፈልጎታል፣ በቀጣዩ ዓመትም ቱሩ ላይ አልተሰለፈም።

እኔ ከወረታ መልስ ወደ ብስክሌት የተመለስኩት ቆዳው ሙሉ በሙሉ ከዳነ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ በእጅ መስታወት ማየት፣ ቀይ ነገር ከሌለ በማግስቱ አርባ። ኮርቻዬን በተረከዝ ስለካው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ አገኘሁት፤ ለካ ለዓመታት እየተወዛወዝኩ ነበር። ዝቅ አድርጌ ካጠበቅሁት በኋላ የኮርቻው ብረት ከቱቦው በሚወጣበት ቦታ ላይ በእኅቴ ቀይ የጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር አሰመርኩ። የጎረቤት ልጅ ብስክሌቱን ሲዋስ ኮርቻውን ለራሱ ቁመት ያወርደዋል፤ ሲመልስልኝ ቁልፉን ይዤ ቀዩ መስመር እስኪታይ ድረስ ከፍ አደርገዋለሁ።